የአያትሽን ሳጥን ቀቢው፤ በርጩማዎቹን ግን ተያቸው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄውን ላሳጥረው። ታላቅ እህትሽ ጥር ላይ ታገባለች። ከአያታችሁ የቀረ አሮጌ የጥድ ሳጥንና ሁለት በርጩማ እናንተ ቤት አለ። ቀለም ቀብተሽ፣ አበባ ስለሽበት፣ ስሟን ጽፈሽ ልትሰጫት አስበሻል። «ብሩሽ ይዤ አላውቅም፤ አበላሸው ይሆን?» ብለሻል።

እኔም እንዳንቺው ጅማ ነኝ። አሮጌ ዕቃ እያደስኩ፣ ስም እየጻፍኩበት ለሰርግ፣ ለምርቃትና ለአራስ ጥየቃ ስጦታ መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የፊደል አጣጣል ያስተማሩኝ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር በእጅ ታፔላ ይጽፉ የነበሩ አባት ናቸው። የምነግርሽ በእጄ ያለፈውን ነው።

መልሴ ይኸው። ሳጥኑን ቀቢው። በርጩማዎቹን ቀለም አታስነኪያቸው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሥራውን በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ደንበኛ የአባቷን በርጩማ አመጣችልኝ። ዋንዛ ነው። መደገፊያው ሳይቀር ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለሦስት እግር የጅማ ወንበር። ለአባቷ ልደት ሰማያዊ ቀብቼ ስማቸውን እንድጽፍበት ጠየቀችኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሞላሁት፣ ቀባሁት። አምሮ ነበር። ስታስረክባቸው እኔም አብሬያት ሄድኩ። አባትዬው እጃቸውን መደገፊያው ላይ አሳለፉ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዳሰሱ። ለአርባ ዓመት አውራ ጣታቸው እያሻሸ ያጎደጎደው ቦታ ነበር። እኔ በስቱኮ ደፍኜዋለሁ። «ተባረኩ ልጆቼ» አሉን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። በኋላ ቀለሙን ላስለቅቅ ወስጄው ነበር። ቀለሙ ወጣ። ያ የእጅ ወዝ ግን አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ። ዕቃ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ቀለም ልቀባው?» ሳይሆን «ምኑን አልነካም?» ነው። የጅማ በርጩማ ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው። ጠራቢው ከግንዱ ውስጥ ነው ያወጣው። ሦስት እግሩ ወጣ ገባ ወለል ላይ እንኳ አይነቃነቅም። ጊዜ ካገኘሽ ጅማ ሙዚየም ገብተሽ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ዘመን ዕቃዎች እያቸው። ንጉሡ የገዙት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ነው። ጥርቡ ራሱ ጌጥ የሆነበት እንጨት ላይ ዘይት ቀለም መለቅለቅ የጠራቢውን እጅ መሸፈን ነው።

ለበርጩማዎቹ የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና እርጥብ ባደረግሽው ጨርቅ ጥረጊ፤ አትዘፍዝፊው። ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ይድረቅ። ከዚያ የተልባ ዘይት በጨርቅ በስሱ አሺበት፣ ሩብ ሰዓት ቆይተሽ የተረፈውን ጥርግ አድርጊ። የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚደርቅ፤ ብዙ ካደረግሽው ለሳምንታት እጅ ላይ ይጣበቃል። ሲደርቅልሽ ከማር ሻጮች ንጹሕ ሰም ገዝተሽ በትንሽ የተልባ ዘይት አቅልጪና በስሱ ወልውይው። ሰሙን ቀጥታ እሳት ላይ አታድርጊ። የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቅለጥ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ አትወርውሪ። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይሞቃል። የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ውጪ ዘርግተሽ አድርቂውና ከዚያ ጣይው።

ጽሑፉን ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ጻፊው። «ከአያታችን ቤት» በይና ቀኑን ጨምሪበት። እህትሽ ቤቷን ስታጸዳ ገልብጣ ታየዋለች። ከላይ ከተጻፈው ይልቅ ይህ ነው ሰውን የሚያስለቅሰው። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ኅዳር ላይ መጠየቅሽ ጥሩ ሆነ። የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። በክረምት የተቀባ ዕቃ ላዩ የደረቀ ይመስልና ውስጡ እንደ ሊጥ ይቆያል። አሁን ፀሐዩ ወጥቷል፣ ጊዜም አለሽ።

መጀመሪያ ሳጥኑን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመሽ ሁለት ሦስት ቀን ተይው። ወረቀቱ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካየሽ ነቀዙ ገና በሕይወት አለ። እንዲያ ከሆነ ወደ ቀለም አትሂጂ። መጀመሪያ ለአናጢ አሳይው፤ ለሙሽራ ቤት ነቀዝ ይዞ አይገባም። የላላ ማጋጠሚያ ካለው በኮላ አጣብቀሽ በገመድ አጥብቀሽ እሰሪው። ብዙ ሰው ስንጥቁን በስቱኮ ይደፍንና ይገላገላል። ስቱኮ ቀዳዳ ይሞላል እንጂ የተለያየ እንጨት አይዝም።

ሳጥኑ ድሮ የተቀባ ከሆነና ቀለሙ የሚቀረፍ ከሆነ ደረቁን አትፈግፍጊ። ድሮ የተሠሩ ቀለሞች ሊድ የሚባለውን መርዛም ብረት ሊይዙ ይችላሉ። ዛሬ በሀገራችን የሚፈቀደው ከፍተኛው መጠን 90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ ነው፤ የአያትሽ ዘመን ቀለም ግን ይህን አያውቅም። ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጎጂ ነው። ስለዚህ ውጪ ሆነሽ፣ ማስክ አድርገሽ፣ ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠብሽ ፈግፍጊው። ልጆች አጠገብሽ አይኑሩ። ያልተቀባ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። የኩሽና ጥቀርሻውንና ቅባቱን በሳሙና አጥበሽ አድርቂ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 120፣ ቀጥሎ በ220 የእንጨቱን መስመር ተከትለሽ ፈግፍጊ። ቀለም የሚላጠው ብዙ ጊዜ ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሥሩ ቅባት ስላለ ነው።

ጥድ አንድ አመል አለው። አንጓው ላይ ያለው ሙጫ ነጭና ክሬም ቀለምን ዘልቆ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። ሦስት ጊዜ ደራርበሽ ብትቀቢው እንኳ ከወራት በኋላ ብቅ ይላል። አንጓዎቹን ሼላክ በሚባለው በአልኮል የሚሟሟ ቫርኒሽ ሁለቴ ቀቢያቸው። ሼላክ ካላገኘሽ ጠቆር ያለ ቀለም ምረጪ። እኔ ለጥድ ጥልቅ አረንጓዴ ወይም የቡና ቀለም እመርጣለሁ። ስሙም በክሬም ሲጻፍበት ጎልቶ ይወጣል።

የሳጥኑን ውስጥ ግን አትቀቢ! ጥድ ሽታው ነው ሀብቱ። በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ዘይት ቀለም ለወራት ይሸታል፤ የሙሽራዋ ቀሚስም ያንን ይጠጣል። ውስጡን በ220 ለስለስ አድርገሽ ፈግፍጊው ብቻ። ተኝቶ የነበረው የጥድ ሽታ ያን ጊዜ ይነሣል። አያትሽን ያስታውስሻል።

ቀለሙን በስሱ ሁለቴ ቀቢ። ዘይት ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ፕራይመር የሚባለውን መነሻ ቅብ፣ ከዚያ ቀለሙን በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን እየቆየሽ፣ በየእጁ መካከል በ220 ዳበስ አድርጊው። ማቅጠኛው አኳራጃ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ሦስት ወፍራም እጅ ከምትቀቢ ሁለት ስስ ይሻላል። ብሩሽ ላይ ደግሞ አትቆጥቢ። ፀጉሩ የሚነቀል ርካሽ ፔኔሎ ሥራሽን ሁሉ ያበላሻል።

አሁን ሥዕሉ። የቡና ቅርንጫፍ እንድትስይ እመክርሻለሁ። ኅዳር ነው፣ ፍሬው ቀይ ሆኗል። ከሚያውቁሽ ሰው ግቢ ገብተሽ ቅርንጫፉን ተመልከቺ፣ በስልክ አንሺው። ከሐሳብ የሚስሉ ሰዎች ሁሌ የሚስቱት አንድ ነው፤ ፍሬውን እንደ ወይን ከቅርንጫፉ ጫፍ ያንጠለጥሉታል። ቡና እንደዚያ አያፈራም። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፣ ጠርዛቸው ይወዛወዛል፣ ፍሬው የሚታቀፈው ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚገናኝበት አንጓ ላይ ነው። አበባ ከጨመርሽ ነጭ ነው፤ እንደ ኮከብ የተዘረጋ። ፍሬውን አንድ ዓይነት ቀይ አታድርጊው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ደም የመሰለ ይሁን። ጅማ ውስጥ ይህን የማያውቅ እናት የለም። ሰርጉ ላይ መጥተው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ስም መጻፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ነው። አንድ ጊዜ የሕፃን አልጋ ላይ ስም ጻፍኩ። ደንበኛው በስልክ ነው የነገረኝ። እኔ በ«ሰ» ጻፍኩ፤ እናቲቱ በ«ሠ» ነው የምትጽፈው። ሁለቱም ሲነበብ ያው ነው። ለእናቲቱ ግን ያው አልነበረም። የልጇ ስም አልነበረም። ፍስሃ ወይስ ፍሥሐ፣ ጸሐይ ወይስ ፀሐይ፣ ዓለም ወይስ አለም፣ ባለቤቱ በሚጽፈው ነው የሚጻፈው። ዛሬ ማንም ስም ሲያዝዘኝ በጽሑፍ ካልላከልኝ ብሩሽ አላነሣም።

የሙሽራው ስም በቁቤ የሚጻፍ ከሆነም እንደዚሁ። አናባቢው ነጠላ ነው ወይስ ጥንድ? ጠይቂ። በኦሮምኛ መሬት ማለት የሆነው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል። አንድ ፊደል ብታጎድይ የሰው ስም ታጎድያለሽ።

ጽሑፉን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አውጪው። ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ሳጥን አትስጪ። «ሠ» እና «ጨ» ሰፊ ናቸው፤ «ነ» እና «ገ» ጠባብ። በዓይንሽ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታ አስተካክይ። ወረቀቱን ለሁለት አጥፈሽ መካከሉን አግኚ። የወረቀቱን ጀርባ ሙሉውን ነጭ ጠመኔ አልብሺው፤ ሳጥኑ ላይ ለጥፈሽ በእስክሪብቶ ፊደሎቹን ተከተያቸው። ነጭ መስመር ይቀርልሻል። በጠፍጣፋ ብሩሽ ቋሚውን እግር ወፍራም፣ አግድሙን ቀጭን አድርጊ። የፊደላችን ወግ ይህ ነው። ቁመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ካነሰ የ«ሜ» እና የ«ኔ» ቀለበት በቀለም ይደፈናል። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቀጭን ዘንግ በግራ እጅሽ ይዘሽ ቀኝሽን አስደግፊበት። ታፔላ ጸሐፊዎች የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ። ክሬም ወይም ነጭ ካለበት የዘይት ቫርኒሽ አትጠቀሚ፤ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናል። ውሃ መሠረት የሆነውን ፈልጊ። እሱ ግን እርጥብ ዘይት ቀለም ላይ አይይዝም፣ ስለዚህ ታግሠሽ ጠብቂ።

ትዕግሥት ስል፣ የሚዳሰስ መድረቅና በውስጥ መጠንከር ሁለት ናቸው። ዘይት ቀለም ከአንድ ቀን በኋላ ሲዳሰስ እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ለመጠንከር ግን ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል። አንድ ሳጥን በጨረስኩ በአራተኛው ቀን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ወደ አጋሮ ላክሁ። ሲፈታ የብርድ ልብሱ ሽመና ቀለሙ ላይ ታትሞ ተገኘ። ሰርጉ በማግሥቱ ነበር። ሙሽራዋ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን ወስጄ እንደገና ሠራሁላት።

ስለዚህ ቀለሙንም ጽሑፉንም እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ጨርሽ። ቫርኒሹ በገና ሰሞን ይግባ። ከዚያ እስከ ሰርጉ ክዳኑን በስንጥር ከፈት አድርገሽ አየር የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። ላዩ ላይ ምንም አይጫን።

«ወደፊት ብሸጠውስ?» ብለሽም ጠይቀሻል። ይቻላል። መጀመሪያ ግን ይህን አንዱን ጨርሺና ስንት ሰዓት እንደፈጀብሽ ጻፊ። ሰው ዋጋ የሚሳሳተው ቀለሙን ቆጥሮ ሰዓቱን ስለማይቆጥር ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊልኝ። የእህትሽን አሮጌ ደብተር ፈልጊና ስሟን ራሷ የጻፈችበትን ገጽ አንሥተሽ ላኪልኝ። ፊደሉን በትልቁ ወረቀት ላይ አውጥቼ አዘጋጅልሻለሁ። መጥተሽ ትወስጃለሽ።