ሳንቃው አፍንጫው ላይ ለምን ይነሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ትልቅ መርከብ ተሸክሟት የሚሄደውን፣ ሰውና ዕቃ ወደ ዳር የምታመላልሰውን ጀልባ በእንጨት አሳንሶ ስለ መሥራት ከጎጃም ከተሞች የደረሱን ጥያቄዎች ናቸው። ቃላቱ እንዳያደናግሩ፦ ከሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደውን ወፍራም እንጨት አከርካሪ፣ ከእሱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ጎድን፣ ጎድኖቹን የሚያለብሰውን ቀጭን እንጨት ሳንቃ፣ የጀልባዋን የፊት ጫፍ አፍንጫ እንላለን።

ከባሕር ዳር፦ በ1 ለ 24 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ አሳንሼ እየሠራሁ ነው። ከአከርካሪው እስከ ላይኛው ጠርዝ መሐል ላይ 60 ሚሊ ሜትር፣ አፍንጫው ላይ 36 ሚሊ ሜትር ነው። በየጎኑ 12 ሳንቃ አስቤ ሁሉንም በ5 ሚሊ ሜትር ስፋት ቆረጥኩ። ሦስቱ ተቀመጡ፤ አራተኛው ግን አፍንጫው ጋ ሲደርስ አንዱ ጠርዙ ይነሳል። በሞርሴቶ ጠርቄ ባሳድረውም በማግስቱ ይላቀቃል። ጥፋቱ የኮላው ነው የእንጨቱ?

ከሁለቱም አይደለም፤ ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው። ወጥ ስፋት ያለው የወረቀት ቅዳጅ በጠርሙስ ሆድ ላይ ቢጠመጥሙ ልጥፍ ብሎ ይቀመጣል። ያንኑ ቅዳጅ ጠርሙሱ ወደ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ ላይ ቢጠመጥሙት አንዱ ጠርዝ ይነሳል። ሳንቃም በገጹ በኩል ይታጠፋል፣ በጠርዙ በኩል ግን እሺ አይልም። በሞርሴቶ ቢያስገድዱት ታስሮ ያድራል እንጂ ቅርጹን አይቀበልም።

የራስዎ ልኬት መልሱን ይዟል። 60 ለ 12 ሲካፈል 5፣ 36 ለ 12 ሲካፈል 3 ነው። እያንዳንዱ ሳንቃ መሐል ላይ 5 ሆኖ ወደ አፍንጫው ወደ 3 ሚሊ ሜትር መጥበብ ነበረበት። ሦስቱን ሳያጠብቡ ስለ ለጠፉ አፍንጫው ላይ 15 ሚሊ ሜትር ተበልቷል። የቀረው 21 ለዘጠኝ ሳንቃ ሲካፈል 2.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሳል። ሳንቃ ጫፉ ላይ ከመሐል ስፋቱ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፤ ከዚያ ከቀጠነ ይሰነጠቃል፣ ለዓይንም አያምርም።

ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው ከዘጠኙ አንዱን ከአፍንጫው በፊት ጎድን ላይ አቁሞ ጎረቤቱ የሁለቱን ቦታ እንዲይዝ ማድረግ ነው፤ ያኔ 21 ለስምንት ተካፍሎ 2.6 ይሆናል። የሚቆመው ሳንቃ ጫፉ ሾሎ ማለቅ የለበትም፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ደልደል ብሎ ይቆረጥና በጎረቤቱ ላይ በተጠረበ እርከን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ሦስቱን አንስቶ እንደገና መቁረጥ ነው። እኛ የምንመክረው ይህንን ነው፤ በዚህች ትንሽ ጀልባ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሳንቃዎች ጥፋት እስከ መጨረሻው ይከተላል። ነጭ ኮላ ከሆነ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ቢጫኑበት ይለቃል፤ ሱፐር ግሉ ከሆነ አሴቶን ያስፈልጋል።

ሲጀምሩ በየጎድኑ ላይ ቀጭን ወረቀት ከአከርካሪው እስከ ላይኛው ጠርዝ አልብሰው ርዝመቱን ይያዙ። ለማካፈል ስሌት አያስፈልግም። ሰፊ ወረቀት ላይ መስመር አስምረው 13 እኩል የተራራቁ ነጥቦች ያድርጉበት፤ ሁሉንም ከሩቅ ካለ አንድ ነጥብ ጋር በመስመር ያገናኙ። የጎድኑን ወረቀት ከታችኛው መስመር ጋር ትይዩ አድርገው ሁለቱ ጫፎቹ የዳርና የዳር መስመሮቹን እስኪነኩ ወደ ላይ ይግፉት። መሐሉን የሚያቋርጡት መስመሮች የሳንቃዎቹ ድንበር ናቸው፤ ምልክቱን ወደ ጎድኑ ይመልሱት።

ከዚያ በፊት ግን ጎድኖቹ መሞረዳቸውን ያረጋግጡ። ቀጭን፣ የሚለመጥ የእንጨት ዘንግ ቢያንስ በአራት ጎድኖች ላይ ያስተኙ። ዘንጉ አንዱን ሳይነካ ካለፈ ያ ጎድን ጎድሏል፣ ቅጣይ ይለጠፍበት፤ አንዱ ላይ ከጎበጠ ያ በዝቷል፣ ይሞረድ። አፍንጫው አጠገብ ያሉት ጎድኖች በሰያፍ ካልተሞረዱ ሳንቃው የሚያርፈው በስለታቸው ላይ ብቻ ስለሚሆን ኮላው የሚይዘው ቦታ ያጣል።

አከርካሪውን የሚነካው የመጀመሪያው ሳንቃ ከሌሎቹ ይለያል። አፍንጫው ላይ ሽቅብ እንዲወጣ አይፍቀዱለት፤ እሱ ከወጣ ከላይ ያሉት ሁሉ ይጨናነቃሉ። ጠቦም ጠርዙ የሚነሳ ሳንቃ ካጋጠመዎ ክፍተቱን በወረቀት ሸፍነው ሁለቱን ጠርዞች በእርሳስ ይቅዱና ያንን ጎባጣ ቅርጽ ከሰፊ ስስ ጣውላ ላይ ይቁረጡት። እንጨት ይባክናል፤ ሳንቃው ግን ያለ ትግል ይተኛል።

አንድ በግራ ከለጠፉ ቀጣዩን በቀኝ ይለጥፉ። አንዱን ጎን ብቻ ጨርሰው ወደ ሌላው ቢዞሩ አከርካሪው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው ነገር የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሳንቃዎቹን በሙቅ ውኃ ነክሬ እንደ ረጠቡ ለጠፍኳቸው። ሲደርቁ በመካከላቸው ክፍተት ወጣ። ለምን?

እንጨት ውኃ ሲጠጣ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን ያብጣል። ያበጠውን ለጠፉ፤ ሲደርቅ ወደ ልኩ ተመለሰና ክፍተት ተወ። ነክረው፣ አጥፈው፣ ቦታው ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይዘው ያለ ኮላ ያሳድሩት፤ በማግስቱ ደርቆ ቅርጹን ይዞ ሲያገኙት ይለጥፉት። ደብረ ማርቆስ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ሳንቃ 20 ደቂቃ ቢሰጡት ይሻላል። ካውያ አግለው እርጥቡን ሳንቃ ከላዩ እየጎተቱ ቢያጥፉት ደግሞ ከመንከር ብቻ ይበልጣል። እንጨቱንም ከመቁረጥዎ በፊት ሁለትና ሦስት ሳምንት በሚሠሩበት ክፍል ያቆዩት፤ በክረምት እርጥበት የተቆረጠ በበጋ ይኮማተራል።

ከፍኖተ ሰላም፣ የእንጨት ሥራ ተማሪ፦ ሞዴል ለመሥራት ከአገራችን እንጨት የቱ ይሻላል? ዋንዛ በእጄ አለ።

ወንድማችን፣ ዋንዛ ለቤት ዕቃ ግሩም ነው፤ ለመሥራትም ይገራል። ችግሩ ቀዳዳዎቹ ትልልቅ መሆናቸው ነው። በ1 ለ 24 ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በእውነተኛዋ ጀልባ ላይ 12 ሚሊ ሜትር ጎድጓዳ ሆኖ ይነበባል። ለሳንቃ ዝግባ ፈልግ፤ ደቃቅና እኩል እንጨት ነው፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። ለአከርካሪና ለአፍንጫ ወይራ ይሆናል፤ ጠንካራ ስለሆነ ሞረድህን ስል አድርገህ ያዝ። ጽድም ደቃቅ ነው፣ እርሳስ ይሠራበት ነበር፤ ነገር ግን በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ሚስማር ከመምታትህ በፊት ብሳው። ባሕር ዛፍን ተወው፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ኮምፔንሳቶም ለውስጥ ቅርጽ እንጂ ለሳንቃ አይሆንም፤ ጠርዙ ላይ ንብርብሩ ይታያል። ለዚህ ሥራ ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም። ከእንጨት ቤቶች የሚወድቀው ቁርጥራጭ ለሁለት ጀልባ ይተርፋል።

ከእንጅባራ፦ ሚስማሩን በቀርቀሃ መተካት ይቻላል?

ይቻላል፣ ቀርቀሃም በደጅዎ ነው። ክሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ቀጥኖም አይበጠስም። ከደረቀ ቀርቀሃ በሁለት አንጓ መካከል ያለውን ብቻ ይፍለጡ፤ አንጓው ላይ ክሩ ይዞራል። ጠንካራ ብረት ላይ 1.2፣ 1.0፣ 0.8፣ 0.6 እና 0.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች ይብሱ። የስንጣሪውን ጫፍ አሹለው ከትልቁ ጀምሮ በፒንሳ ይጎትቱት። ከአንድ ቀዳዳ ዘለው ወደ ሌላ ከሄዱ ይበጠሳል። በእውነተኛ ጀልባ ሳንቃው የሚያዘው በመዳብ ወይም በብረት ሚስማር ነው፤ የሚስማሩ ራስ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን በ1 ለ 24 መጠን 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከ0.5 የወፈረ አያድርጉ፤ ነጠብጣብ የበዛበት ጀልባ ይሆናል።

ከዳንግላ፦ 1 ለ 48 ይሻላል ወይስ 1 ለ 24?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 1 ለ 24። ካፒቴን ዊልያም ብላይ በ1789 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከባውንቲ መርከብ ተባሮ ከ18 ሰዎች ጋር ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘባት ጀልባ 7 ሜትር ገደማ ነበረች። በ1 ለ 24 መጠን 29 ሴንቲ ሜትር፣ በ1 ለ 48 ከ15 ሴንቲ ሜትር ያነሰች ትሆናለች። በትንሿ ላይ የሳንቃው ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ ቢሄድበት ያልቃል።

ከባሕር ዳር፦ ጨርሼ ጣና ላይ ባንሳፍፋት ትንሳፈፋለች?

ትንሳፈፋለች፤ ግን እንደ ታንኳ አይደለችም። ታንኳ የምትንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ከውኃ ስለሚቀል ነው፤ ውኃ ቢረጫትም አትሰጥምም። የሳንቃ ጀልባን የሚያንሳፍፋት በውስጧ የያዘችው ባዶ ቦታ ስለሆነ አንድ ክፍተት ትበቃታለች። ተራ ነጭ ኮላ ውኃ ውስጥ ይለሰልሳል፤ ውኃ የሚችለውን ዓይነት ይግዙ፣ ከውስጥም ከውጭም ሦስት እጅ ቫርኒሽ ይቀቡ። ባዶዋን ከሆነች ትገለበጣለች፤ አከርካሪው ላይ ግራና ቀኝ የእርሳስ ብረት ቁርጥራጭ በጥቂቱ እየጨመሩ ያስተካክሉ። መጀመሪያ በሳፋ ውኃ ይሞክሯት፤ ከውስጥ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ደረቅ የጠመኔ ዱቄት ነስንሰው ሩብ ሰዓት ቢተዉአት፣ ዱቄቱ የጠቆረበት ቦታ የሚያፈሰው ነው።