ባህር ውስጥ ስለሚቀመጡ ሞገድ ሰባሪዎችና ሰው ሠራሽ ሪፎች (ለባህር ፍጥረታት መጠለያ የሚሆኑ ክምሮች)፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ የተሰወረ የኮንክሪት ክምር ዳርቻን ከመሸርሸር ያድናል?

ሞገዱን ከሰበረው ያድናል። ሞገድ የሚሰበረው ቁመቱ የውሃውን ጥልቀት 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ከክምሩ አናት በላይ 1 ሜትር ውሃ ካለ የግማሽ ሜትር ሞገድ ሳይሰበር ያልፋል። ሌላው ችግር፣ ማዕበል በሚነሳበት ቀን ባህሩ ራሱ ከፍ ማለቱ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ውሃው ከሁሉም ከፍ ከሚልበት ሰዓት ነው እንጂ ፀጥ ባለ ቀን ከሚታየው አይደለም። የአናቱ ስፋትም ወሳኝ ነው፤ አንድ ረድፍ ብቻ ደርድሮ ውጤት መጠበቅ ገንዘብ መጣል ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በ1998 የተሠራውና ጥሩ ውጤት ያሳየው ሥራ 450 ገደማ ባዶ ሆድ ያላቸው የኮንክሪት ጉልላቶችን በሦስት ረድፍ የደረደረ ነበር። የውሃው ጥልቀትም ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጥያቄ፦ ጭራሽ ዳርቻውን የባሰ ያስበላ አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ለእኔ ከተሳኩት ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነው። ፍሎሪዳ፣ ፓልም ቢች ላይ በ1992 እና 1993 እያንዳንዳቸው ከ20 ቶን በላይ የሚመዝኑ 330 የኮንክሪት ብሎኮች ከዳርቻው ትይዩ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ተደረደሩ። ሞገድ ሲመጣ ውሃው በብሎኮቹ አናት ተሻግሮ ይገባል፤ መመለሻው ግን ተዘግቷል። የታጎረው ውሃ መውጫ ሲያጣ ዳርቻውን ይዞ ወደ ጎን ይሮጣል፤ ሲሮጥም አሸዋውን ጠርጎ ይሄዳል። በዚያ ላይ ብሎኮቹ አሸዋው ውስጥ ስለሰመጡ አናታቸው ዝቅ አለ፤ የሚሰብሩት ሞገድም አነሰ። ከመሠራቱ በፊት ከነበረው የባሰ አሸዋ ስለጠፋ በ1995 ተነሱ።

መፍትሔው ክፍተት እየተዉ መደርደር ነው። ክፍተቱ ግን በነፃ አይገኝም። የሚመለሰው ውሃ በሙሉ በዚያ ስለሚወጣ ጉልበቱ ዋናተኛ ይጎትታል፣ ወለሉንም ይቆፍራል። ስለዚህ ክፍተቱ ላይ ወለሉ በድንጋይ ይነጠፋል፤ ዳር ላይ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይተከላል።

ጥያቄ፦ ኮንክሪቱን ትቼ በድንጋይ ብሠራስ? ስንት ኪሎ ድንጋይ ይበቃል?

ከውሃ ወጥቶ ለሚታይ ግንብ፣ 1 ለ 2 ለሆነ ተዳፋት (1 ሜትር ከፍ ሲል 2 ሜትር ወደ ጎን የሚሄድ)፣ ሻካራና ማዕዘን ያለው ጥቁር ድንጋይ በሁለት ድርብ ቢደረደር፣ የድንጋዩን ክብደት ከሞገዱ ቁመት በሚያሰላው በሀድሰን ቀመር እንዲህ ይመጣል፦ ለ1 ሜትር ሞገድ 170 ኪሎ ገደማ፣ ለ2 ሜትር 1.3 ቶን፣ ለ3 ሜትር 4.5 ቶን። ሞገዱ በእጥፍ ሲያድግ ድንጋዩ ስምንት እጥፍ መክበድ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «ትንሽ ጨመር እናድርግበት» በሚል ግምት የተሠራ ግንብ የመጀመሪያው ከባድ ማዕበል ይበትነዋል። ይህ የመነሻ ልክ ነው፤ ትልቅ ሥራ ከሆነ በሞገድ ገንዳ በሞዴል ይፈተሻል።

ጥያቄ፦ ግንቡ ሥሩ እየተቦረቦረ ይሰምጥብናል።

አሸዋ ላይ በቀጥታ አስቀምጣችሁት ይሆናል። በቅድሚያ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አሸዋ የሚይዝ ጠንካራ ጨርቅ) ይነጠፋል፤ ውሃ ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ 1 ሜትር ያህል መደራረብ አለበት። በላዩ የማጣሪያ ድንጋይ ይገባል፤ የአንዱ ክብደት ከላይ ከሚመጣው ትልቅ ድንጋይ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሁን። ትልቁ ድንጋይ በዝግታ ይቀመጣል እንጂ ከላይ አይለቀቅም፤ ከተለቀቀ ጨርቁን ይቀድደዋል፣ አሸዋውም በቀዳዳው ያመልጣል። በባህሩ በኩል ያለው እግር ሰፋ ብሎ ይዘርጋ፤ ቡርቦራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ያረጀ ጎማ በነፃ ይገኛል። ለዓሣ መጠለያ ብንጠቀምበትስ?

በፍጹም። ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ጎማዎች ታስረው ተጣሉ። ማሰሪያው ዝጎ ተበጠሰ፤ ጎማዎቹም በየማዕበሉ እየተንከባለሉ የተፈጥሮውን ኮራል (ባህር ወለል ላይ ተጣብቆ ድንጋይ መሰል አካል የሚሠራ እንስሳ) ፈጩት። በ2007 የጦር ኃይል ጠላቂዎች ማውጣት ጀመሩ። ጎማ ቀላል ነው፣ ይተጣጠፋል፣ ኮራልም አይጠናበትም።

ጥያቄ፦ ኮራልና ዓሣ እንዲለምዱት ኮንክሪቱ እንዴት ይቦካ?

ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት ከ45 በመቶ አይብለጥ፤ ከቀነሰ ይመረጣል። ከሲሚንቶው 10 በመቶ ያህሉን በሲሊካ ፊዩም (በጣም ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት) መተካት ቀዳዳውን ይደፍናል፣ የኮንክሪቱን አልካሊነትም ያበርደዋል። በባህር ውሃ አታቡኩ። ፌሮ አታስገቡ፤ ጨው ሲደርሰው ዝጎ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል። ገጹ ሻካራ ይሁን፤ ልስን ገጽ ላይ ዝቃጭና አልጌ ይቀድማል።

ቀዳዳዎቹን አታመሳስሉ። ጣት የሚያስገባው ለትንንሽ ዓሣ፣ ክንድ የሚያስገባው ለትልልቆቹ። ከላይ ደግሞ ኤሊ ገብታ መውጣት የምትችልበት ሰፊ አፍ ይኑረው፤ ታፍና የምትሞተው አየር ለመሳብ መውጣት ስታቅታት ነው። ኮንክሪቱ እንዲጠነክር 28 ቀን ካቆያችሁት በኋላ ወደ ባህር አውርዱት። ዓሣ በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ኮራል ግን ዓመታት ይፈልጋል። ዓሣ ተሰበሰበ ማለትም ዓሣ በዛ ማለት አይደለም፤ ከአካባቢው ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ቦታው ወዲያው ለመረብ ከተከፈተ ትርፉ ዓሣውን ለአጥማጅ አመቻችቶ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው። የሰው ሠራሹ ደሴት የፓልም ጁሜራው ግንብስ?

11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የውጭ ግንብ ውሃው ውስጥ ለውስጥ እንዳይበሰብስ ክፍተት እንዲኖረው ተደርጓል። ከፓልም ቢች ጋር ሲነጻጸር ጥያቄው ያው ነው፤ የገባው ውሃ በየት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ይህን መሞከር ይቻላል?

አያስፈልግም። እዚያ ሞገዱን የሚያበርደውም ዓሣው የሚራባበትም ደንገል ነው፤ የጎዳው ደግሞ ባህር ሽሽ እርሻና ልቅ ግጦሽ ነው። ሥሩን ከነቡቃያው ቆርጣችሁ ረግረጉ ላይ ትከሉ፤ ተክሉ እስኪጠና ከብት እንዳይገባ አጥር አድርጉ።