ስለ ኤችፒኤልሲ ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ፣ ከድሬ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ከኤችፒኤልሲ (በከፍተኛ ግፊት የሚሰራ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ፣ የተደባለቀን የሚለይ ማሽን) ጋር ነኝ፣ መድኃኒትም ምግብም ቅጠልም ይመጣል። በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ተመሳሳይ ነገር ስለበዛ ሁሉም ባለበት ልመልስ ብዬ ነው። ተማሪም ነጋዴም ዝም ብሎ ነገሩ የሚገርመውም ይጠይቅ። "ውጤቱን ትንሽ ዝቅ አርግልኝ" የሚል ብቻ እንዳይመጣብኝ አቦ።

ጥያቄ፦ እኔ ቀፊራ ገበያ ልብስ ነው የምሸጠው፣ ኬሚስትሪ ከ10ኛ ክፍል በኋላ አልነካሁም። ይሄ ማሽን ግን በቀላሉ ምንድነው የሚሰራው?

መልስ፦ የተደባለቀን ነገር ይለያያል። ኮለም የሚባል የብረት ቱቦ አለ፣ ብዙ ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ የውስጡ ስፋት 4.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ እሱ ውስጥ 5 ማይክሮን የሆነ የሲሊካ ዱቄት ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሞልቷል። ፓምፑ በዛ ውስጥ ፈሳሽ ይገፋል፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ፈሳሹን ሞባይል ፌዝ እንለዋለን። አንተ ሳምፕልህን 10 ወይ 20 ማይክሮ ሊትር ትወጋለህ። ከዛ በኋላ ያንተው ገበያ ነው፣ ሰው ሁሉ በአንድ በር አንድ ላይ ይገባል፣ እቃ የማይፈልገው ቀጥ ብሎ በወዲያኛው ይወጣል፣ በየሱቁ ቆሞ ዋጋ የሚከራከረው ግን ምሳ ሰዓት ያልፍበታል። ዱቄቱ ላይ 18 ካርቦን ያለው ሰንሰለት ተለጥፎበታል፣ ሲ18 ሲባል የምትሰማው እሱ ነው፣ ውሃ የማይወዱ ውህዶች እዛ ላይ ይቆያሉ፣ ውሃ የሚወዱት ቶሎ ያልፋሉ። መውጫው ላይ ያለው ዲቴክተር ሲያልፉ ይመዘግባል፣ ስክሪኑ ላይ ከፍ ብሎ የሚወርደው መስመር ፒክ ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ማሽኑ የማንንም ስም አያውቅም። የሚለው "በ6.2 ደቂቃ የሆነ ነገር ወጣ፣ መጠኑ ይሄን ያህል ነው" ብቻ ነው። እሱ ካፌይን ነው የምንለው ንጹህ ካፌይን ገዝተን በዛው ሁኔታ ወግተን በ6.2 ሲወጣ ስላየን ነው። ስታንዳርድ የምንለው እሱን ነው፣ እሱ ከሌለህ ማሽኑ ውድ ሰዓት ነው በቃ።

ጥያቄ፦ ማነው የፈለሰፈው? ጃፓኖች አይደሉም?

መልስ፦ አይደሉም፣ ማሽኖቹ ላይ ሺማድዙ የሚል የጃፓን ድርጅት ስም ብዙ ስለምታይ መስሎህ ነው፣ እነሱ ማሽኑን አሳምረው ሰሩት እንጂ ሀሳቡ የሚካኤል ጽቬት ነው፣ ሩሲያዊ የእጽዋት ሊቅ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ዋርሶ ሆኖ የቅጠልን ቀለም በኖራ ድንጋይ ዱቄት በተሞላ የብርጭቆ ቱቦ አሳልፎ አረንጓዴውን ከቢጫው ለየ። ማርቲንና ሲንጅ የሚባሉ እንግሊዞች በ1941 ነገሩን አሻሽለው በ1952 ኖቤል ወሰዱበት። በከፍተኛ ግፊት የመግፋቱ ነገር የመጣው በ1960ዎቹ ነው፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻባ ሆርቫት ስሙ ይነሳል።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የፓራሲታሞል ፒኬ ጠዋት በ7.1 ደቂቃ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ 6.6 ይሆናል። ኮለሙም ሞባይል ፌዙም ያው ነው፣ ምንም አልነካሁም። ሐረር ያለች ጓደኛዬ ያንኑ ሜተድ ስትሰራ ደግሞ ከኔ ዘግይቶ ነው የሚወጣላት። አብደናል ወይስ ማሽኑ ነው?

መልስ፦ ማናችሁም አላበዳችሁም፣ ሙቀቱ ነው። በአማካይ አንድ ዲግሪ ሲጨምር ሪቴንሽን ታይም (ፒኩ የሚወጣበት ደቂቃ) ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ስለዚህ ክፍልሽ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት 5 ዲግሪ ከሞቀ ያልሽው ለውጥ እዛው አለልሽ። ሜተዱ ላይ "ሩም ቴምፕሬቸር" ተብሎ ተጽፎ ይሆናል፣ የማን ክፍል? የድሬ ግንቦት ነው ወይስ የሐረር ጥቅምት? ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው ሐረር ከ1800 በላይ ነው፣ አንድ ሰዓት አካባቢ በሚፈጅ መንገድ ሌላ አየር ነው የምትገቢው።

ኮለም ኦቨን (ኮለሙን የሚያሞቀው ሳጥን) አለኝ 30 ላይ አድርጌዋለሁ ካልሽ ደግሞ እሱም አይሰራም፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ኦቨኖች ማሞቅ እንጂ ማቀዝቀዝ አይችሉም፣ ክፍሉ 34 ሲሆን ኦቨኑ 30 ላይ ሊይዝ አይችልም፣ ዝም ብሎ አብሮ ይሞቃል። 40 ላይ አድርጊው፣ ሁልጊዜ ከክፍሉ በላይ ይሁን፣ ጓደኛሽም 40 ታድርገው፣ ከዛ አወዳድሩ።

ሙቀት መሆኑን ለማረጋገጥ ምንም የማይያዘው ነገር መጀመሪያ የሚወጣበትን ጊዜ እዪ፣ በዚህ ኮለም በ1 ሚሊ ሊትር ከሆነ 2.5 ደቂቃ አካባቢ ነው። እሱም አብሮ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ፍሰቱ ጋ ነው፣ የሚያንጠባጥብ ቦታ ወይም የፓምፑ ቼክ ቫልቭ (ፈሳሹ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው)። እሱ ባለበት ቆሞ ያንቺ ፒክ ብቻ ከሄደ ሙቀት ወይም የሞባይል ፌዙ ቅልቅል ነው። ጠርሙሱንም ክደኚ፣ በዚህ ሙቀት ሞባይል ፌዙ ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ፈሳሽ (ሜታኖል ወይም አሴቶናይትራይል) ይተናል፣ ሲተን ፒኩ ወደኋላ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ሁለቱ ይጣጣሉና ምንም ችግር የሌለ ይመስላል፣ እሱ ነው የሚያናድደው።

ጥያቄ፦ ፕሬዠር ከ120 ባር ተነስቶ 330 ገባ። ኮለሙ ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ቶሎ አትቅበረው። ከዲቴክተሩ በኩል ጀምረህ ወደኋላ አንድ አንድ ብሎን እየፈታህ ግፊቱን እይ፣ የቱ ጋ ስትፈታ ነው ዝቅ የሚለው? የተዘጋው እዛ ነው። ብዙ ጊዜ የኮለሙ መግቢያ ፍሪት (ትንሿ ማጣሪያ) ወይም ጋርድ ኮለሙ (ከፊት ሆኖ ዋናውን የሚጠብቀው ትንሽ ኮለም) ነው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅህ፣ ፎስፌት ባፈር (አሲድነቱ እንዳይቀያየር የሚይዝ የጨው ውሃ) ስትጠቀም ቆይተህ ቀጥታ ወደ መቶ ፐርሰንት አሴቶናይትራይል ቀየርክ አይደል? ጨው አሴቶናይትራይል ውስጥ አይሟሟም፣ እዛው ኮለም ውስጥ ይረጋል። መጀመሪያ 90 በ10 ውሃና ሜታኖል ግማሽ ሰዓት ይለፍበት፣ ከዛ ነው ኦርጋኒኩ የሚጨመረው። አሁንም ያው ነው መድኃኒቱ፣ ከዲቴክተሩ ነቅለህ በቀስታ በ0.2 ሚሊ ሊትር ውሃ የበዛበትን አሳልፍበት። ሌላው ባፈር በየቀኑ አዘጋጅ፣ በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ያደረ ባፈር ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፣ ይሄም ፍሪት ይዘጋል። በ0.45 ማይክሮን ሳታጣራ ምንም ነገር አታስገባ፣ ሞባይል ፌዝም ሳምፕልም። ከአሴቶናይትራይል ወደ ሜታኖል ቀይረህ ከሆነ ደግሞ መዘጋት ላይሆን ይችላል፣ ሜታኖልና ውሃ እኩል ሲቀላቀሉ በጣም ይወፍራሉ፣ ግፊቱ በዛ ብቻ እጥፍ ቢሆን አይግረምህ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድስ?

መልስ፦ ዩፒኤስ ግዙ፣ ሌላ መልስ የለውም። ቢያንስ ባፈሩን አጥቦ ለማውጣት የሚበቃ ጊዜ ይስጣችሁ። መብራቱ ሲመጣ ፓምፑን በሙሉ ፍጥነት አታስነሱ፣ ከ0.2 ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ። የዲቴክተሩ ዲዩቴሪየም አምፖል ደግሞ ወደ 2000 ሰዓት ነው እድሜው፣ በጠፋና በበራ ቁጥር ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ቁምነገር ልጠይቅ፣ ጫት ውስጥ ያለውን ነገር በዚህ መለካት ይቻላል? ለምንድነው ካደረ የማይሰራው?

መልስ፦ እጠብቅህ ነበር። ይቻላል፣ ደስ የሚል ስራም ነው። ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፣ በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ነው ነጥሎ ያወጣው። ችግሩ ካቲኖን አይቆይም፣ ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይቀየራል፣ እነሱ ደግሞ በጣም ደካማ ናቸው። የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እንደዛ የሚበረው ለዚህ ነው፣ ሹፌሩ ኬሚስትሪውን ባያውቀውም።

ላብራቶሪም ላይ ያው ሩጫ ነው። ቅጠሉን ቆርጠህ ፀሀይ ላይ አድርቀህ ብታመጣልኝ የምለካልህ የቀረውን እንጂ የነበረውን አይደለም፣ ወዲያው መቀዝቀዝ አለበት፣ ከዛ በቀጭን አሲድ ይወጣል። ኮለሙ ላይ ደግሞ እነዚህ አሚኖች (ናይትሮጅን ያለባቸው ውህዶች) ሲሊካው ላይ እየተጣበቁ የፒኩን ጭራ ያስረዝሙታል፣ ስለዚህ ፒኤቹን ወደ 3 ማውረድ ነው። ካቲንና ኖርኤፌድሪን አቶሞቻቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አቀማመጣቸው ብቻ ነው የሚለየው፣ እነሱን መለየት ትዕግስት ይጠይቃል፣ በመሀላቸው ሪዞሉሽን (የሁለቱ ፒኮች መራራቅ) 1.5 ካልደረሰ ቁጥሩን አትመኑ። ዲቴክተሩ የሚያይበትን የብርሃን ሞገድ በተመለከተ ካቲኖን 250 ናኖሜትር አካባቢ በደንብ ይታያል፣ ካቲን ግን እዛ ላይ ደብዛዛ ስለሆነ ወደ 210 መውረድ አለብህ፣ 210 ላይ ሜታኖል ራሱ መታየት ስለሚጀምር አሴቶናይትራይል ይሻላል። ስታንዳርዱን ግን ዝም ብለህ አትገዛም፣ ካቲኖን በ1971ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት አንደኛው መደብ ውስጥ ነው፣ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ገራባውስ (ተቅሞ የተረፈው)? ሃሃ

መልስ፦ ካቲኖን ቀንበጡ ላይ ነው የሚበዛው፣ ያረጀው ቅጠል ላይ ይቀንሳል። የቀረውን ፍየሎቹን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ልጄ እኔ ከባቢሌ ነኝ፣ ኦቾሎኒ ነው የምነግደው። ወደ ውጭ ለመላክ አፍላቶክሲን ይታይ አሉኝ። አንድ ኪሎ ይዤ ብመጣ ይበቃል?

መልስ፦ እናቴ አይበቃም፣ ሳይመጡ መጠየቅዎ ጥሩ ነው። ይሄ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም፣ ከሺህ ፍሬ ጥቂቶቹ ላይ ተከማችቶ ይገኛል። አንድ ኪሎ ከላይ ዘግነው ቢያመጡልኝ ወይ ጭራሽ አላገኘውም ወይ አንዲት መጥፎ ፍሬ ገብታ ጭነቱን ሁሉ ታስወቅሳለች። አውሮፓዎቹ ለትልቅ ጭነት ከመቶ ቦታ እያነሱ 20 ኪሎ ድረስ ሰብስበው፣ ፈጭተው ነው የሚያዩት። ከየጆንያው ከላይም ከመሀልም ከታችም ያስወስዱ፣ ሁሉም አብሮ ይፈጫል።

ለአውሮፓ ቀጥታ ለሚበላ ኦቾሎኒ ቢ1 የሚባለው የአፍላቶክሲን ዓይነት በኪሎ ከ2 ማይክሮ ግራም፣ አራቱ ዓይነት ተደምረው ከ4 ማለፍ የለባቸውም፣ አሜሪካ ድምሩን እስከ 20 ትፈቅዳለች። እዚህ የምንጠቀመው ፍሎረሰንስ ዲቴክተር (ብርሃን ሲበራበት መልሶ የሚያበራን ነገር የሚያይ) ነው፣ በ365 ናኖሜትር አብርተን 440 አካባቢ እናያለን፣ ከዛ በፊት ግን ሳምፕሉ አፍላቶክሲንን ብቻ በሚይዝ ትንሽ ኮለም ይጸዳል። ለተማሪዎቹ፦ ቢ1 እና ጂ1 ውሃ ባለበት ደብዛዛ ናቸው፣ ከኮለም በኋላ በብሮሚን ወይም በዩቪ መብራት ካልተቀየሩ "የለም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ግን አለ።

እናቴ ለእርስዎ ደግሞ፣ መቁላት አያጠፋውም፣ የሻገተውንና የተሸበሸበውን ለቅሞ ማውጣት ግን ብዙ ይቀንሳል፣ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ያድርቁት።

ጥያቄ፦ የሐረር ቡና ካፌይን ስንት ነው?

መልስ፦ አረቢካ ስለሆነ 1.2 ፐርሰንት አካባቢ ብለህ ጠብቅ፣ ሮቡስታ እጥፍ ገደማ ነው። ዲቴክተሩን 273 ናኖሜትር ላይ ማድረግ፣ በሙቅ ውሃ ማውጣት፣ ማጣራት፣ መውጋት። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ ስራ የለም።

ጥያቄ፦ ማር ገዝቼ ስኳር አለበት ብዬ ጠርጥሬ አስመርምሬ ነበር፣ ኤችኤምኤፍ 65 ነው አሉኝ። በቃ ውሸት ማር ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም፣ ቢያንስ በዚህ ብቻ አይባልም። ኤችኤምኤፍ ማር ሲሞቅና ሲቆይ የሚጨምር ነገር ነው፣ ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይላል፣ ሞቃት አገር ላይ ለተመረተ ግን 80። ሻጩ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ክረምት ከበጋ አስቀምጦት ቢሆን ንጹህ ማርም 65 ይገባል። ስኳር መጨመሩን ማወቅ ከፈለግሽ ስኳሮቹን ራሳቸውን አስለኪ፣ የጠየቅሽውንና የተለካልሽን ለይተሽ አንብቢ።

ጥያቄ፦ አሴቶናይትራይል ተወደደ፣ በሜታኖል ብቀይረውስ?

መልስ፦ ቀይር፣ ግን እኩል በእኩል አይደለም፣ 50 ፐርሰንት አሴቶናይትራይል ወደ 60 ፐርሰንት ሜታኖል ነው የሚጠጋው፣ የፒኮቹ ተራም ሊለወጥ ስለሚችል ስታንዳርዶቹን ለየብቻ ወግተህ ማን የት እንደሄደ እይ። ውድነቱ አዲስ አይደለም፣ በ2008 እና 2009 ዓለም ላይ ጠፍቶ ነበር፣ ምክንያቱም ራሱን ችሎ ብዙም አይመረትም፣ የፕላስቲክና የጨርቅ ግብዓት የሆነው አክሪሎናይትራይል ሲሰራ የሚተርፍ ነው፣ የዛ ገበያ ሲቀዘቅዝ የኛም ጠርሙስ ይደርቃል። ሲደፋ ደግሞ ሲንክ ውስጥ አይደለም፣ ሰውነት ውስጥ ወደ ሳያናይድ የሚቀየር ነገር ነው፣ ለብቻው አጠራቅሙት፣ የደቻቱ ወንዛችን የራሱ ጣጣ አይበቃውም?

ጥያቄ፦ የካሊብሬሽን ከርቬ (በስታንዳርድ የሰራሁት መለኪያ መስመር) አር ስኩዌር (ወደ 1 ሲጠጋ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው) 0.9998 ነው! አድቫይዘሬ ግን ገና ሪኮቨሪ ስሪ አለኝ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ ዋናው ቀረሽ። 0.9998 ማለት ንጹህ ስታንዳርድ በንጹህ ሶልቨንት በደንብ አቅልለሻል ማለት ነው፣ ስለ ሳምፕልሽ ምንም አላለም። ሪኮቨሪ ይሄ ነው፦ ካልተነካው ሳምፕል ላይ የታወቀ መጠን ስታንዳርድ ጨምሪና መፍጨቱንም ማውጣቱንም ማጣራቱንም ሁሉንም አሳልፊው፣ 100 ጨምረሽ 62 ካገኘሽ 38ቱ የሆነ ቦታ ቀርቷል፣ ቅጠሉ ውስጥ ወይ ፊልተሩ ላይ። አድቫይዘርሽ ልክ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜና እሁድ ኮለሙን ምን ውስጥ ልተወው?

መልስ፦ ባፈሩን በውሃና ሜታኖል አጥበህ አውጣ፣ ከዛ 70 ፐርሰንት አሴቶናይትራይል ወይም ሜታኖል ሙላው፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ንቀለውና ሁለቱንም ጫፍ በራሱ ክዳን ጥብቅ አርገህ ዝጋ። ሳጥኑ ላይ መጨረሻ ምን እንደሞላህበት ጻፍበት፣ ሰኞ የሚመጣው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።