ከአንድ ቀንበጥ ሺህ ችግኝ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቅርፊታቸው ለመድኃኒት የሚፈለግ የዝናብ ጫካ ዛፎች እየጠፉ ነው ይባላል። በቲሹ ካልቸር (የተክል ቁራጭን ላብራቶሪ ውስጥ፣ ንጹሕ ምግብ ባለበት ጠርሙስ በማሳደግ) ደግሞ ከአንድ ቁራጭ ቅጠል ሺህ ችግኝ ይወጣል ይሉናል። እንዲያ ከሆነ ችግሩ ተፈታ ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሺህ ችግኙ እውነት ነው። ችግሩ ግን አልተፈታም።

መጀመሪያ ስለ ቅጠሉ። እኔ ከቅጠል ይልቅ እምቡጥ ያለበትን አንጓ እመርጣለሁ። ከቅጠል ሲነሳ ብዙ ጊዜ ካለስ የሚባል ቅርጽ የለሽ የህዋስ ክምር ይቀድማል፤ ከእሱ የሚወጣው ችግኝ ከእናቱ ሊለይ ይችላል። ከአንጓ ከሆነ ግን የሚያድገው ያው የነበረው እምቡጥ ነው።

የጫካ ዛፍ ላብራቶሪ ሲገባ አመለኛ ነው። እርጥበት ውስጥ ስለኖረ ፈንገስና ባክቴሪያው ላዩ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም አለ። በአልኮልና በበረኪና ታጥቦ ንጹሕ መስሎ ጠርሙስ ይገባል። ከቀናት በኋላ ከቁርጡ ሥር ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ብቅ ይላል። በረኪናውን ላብዛው ቢሉ ደግሞ ቀንበጡ ራሱ ይሞታል።

ከዚያ መጥቆሩ አለ። ቀንበጡ ሲቆረጥ ፌኖል የሚባሉት ኬሚካሎች አየር ያገኙና ይጠቁራሉ፤ ወደ ምግቡ ፈሰው ቀንበጡን መልሰው ይመርዙታል። የመድኃኒት ተክሎች ብዙዎቹ ፌኖል የሞላባቸው ናቸው፤ ለእኛ የፈለግነው ነገር ለላብራቶሪው ጠላት ሆኖ አረፈው! ስለዚህ ቁርጡን ቫይታሚን ሲ ውስጥ እንነክራለን፣ ወይም በየጥቂት ቀኑ አዲስ ምግብ ላይ እናዛውረዋለን። ምግቡ አጋር በሚባል ማርጊያ የረጋ ስኳር፣ ማዕድንና ቫይታሚን ነው። ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1962 ለትምባሆ ያወጡት ቀመር ዛሬም የብዙዎቻችን መነሻ ነው። ምግቡ ላይ የምንጨምረው የተክል ሆርሞን ነገር በአጭሩ፦ ሳይቶካይኒን ሲያይል ቀንበጥ ይበዛል፤ ኦክሲን ሲያይል ሥር ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ከአንድ ዛፍ የተባዙ ሺህ ችግኞች በዘረመል አንድ ናቸው። እናትየውን የሚጥል በሽታ ከመጣ ሁሉንም ይጠርጋቸዋል። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ (Prunus africana) እንውሰድ። ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ዕብጠት መድኃኒት ስለሚሆን በአፍሪካ ደጋ ጫካዎች ብዙ ዛፍ ተልጦ ደርቋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ ዓለም አቀፍ ንግዱ በሳይቲስ፣ ማለትም ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚገዛው ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ይህን ዛፍ ለማቆየት ከአንድ እናት አሥር ሺህ ችግኝ ከማውጣት፣ ተራርቀው ከበቀሉ ብዙ እናቶች ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል። እኔ ላብራቶሪ ስገባ የጠርሙሱን ብዛት አልጠይቅም፤ የእናቶቹን መዝገብ አሳዩኝ ነው የምለው። ጠርሙሱ ላይ ቀን ብቻ ተጽፎ ዛፉ ካልተጻፈ፣ ማባዛት እንጂ ጥበቃ አይባልም።

ቲሹ ካልቸር ምትክ የማይገኝለት ሌላ ቦታ ላይ ነው። የብዙ ዝናብ ጫካ ዛፎች ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ እንደ ስንዴ ደርቆ ዘር ባንክ አይቀመጥም። ለእነዚህ ቀንበጡን ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ቀስ ብሎ እንዲያድግ ማድረግ፣ ወይም የእምቡጡን ጫፍ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ባለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማቆየት ነው መፍትሔው።

ጥያቄ፦ ችግኞቼ ጠርሙስ ውስጥ ለምለም ነበሩ። አፈር ላይ ባወጣኋቸው በማግሥቱ ጠወለጉ። ምን ጎደለ?

መልስ፦ አየሩ ደርቆባቸው ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል የሰም ሽፋኑ ስስ ነው፤ የአየር ቀዳዳዎቹም በደንብ መዘጋት አይችሉም። ያለውን ውኃ በአንድ ቀን ይጨርሳል። በሚቀጥለው ዙር ሥሩ ላይ የቀረውን አጋር ለብ ባለ ውኃ ሙልጭ አድርገው ይጠቡት፤ ስኳር ስላለው ሻጋታ ይጠራል። በእንፋሎት የጸዳ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር ላይ ይትከሉና በላስቲክ ሸፍነው ጥላ ሥር ያኑሯቸው። ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስረዘሙ ይክፈቱት፤ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል። ማዳበሪያ ለመስጠት አይቸኩሉ። ላስቲኩን ጨርሰው የሚያነሱት አፈሩ ላይ ሆነው አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ነው፤ የጠርሙሱ ቅጠል ቢረግፍም አይደንግጡ።