ከዲግሪ በኋላ በእንግሊዝ አገር የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መሆን፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ ጥያቄዋን ላሳጥረው፦ ከአገር ቤት የባዮሎጂ ዲግሪ ይዛ መጥታለች፣ እንግሊዝ ውስጥ የመኖሪያ ፈቃዷ ተስተካክሏል፣ ሁለት ልጆች አሏት። ፒጂሲኢ የሚባለውን፣ ዲግሪ ላላቸው የሚሰጥ የመምህርነት ሥልጠና ተምራ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መሆን ትፈልጋለች። ወረቀቴ ይበቃል ወይ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ እንግሊዝኛ አነጋገሬስ ልጆች ፊት ያስቆመኛል ወይ ነው የምትለው። እኔም በዚሁ መንገድ አልፌ አሁን ለንደን ውስጥ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች የሚማሩበትን ኢር ቱን አስተምራለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ወረቀቱን ቶሎ ልጨርሰው። ዲግሪሽ እዚህ አገር ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ዩኬ ኢኒክ ከሚባለው ድርጅት በክፍያ ታወጪያለሽ። ከዚያ ጂሲኤስኢ በሚባለው የዚህ አገር የሁለተኛ ደረጃ ፈተና በእንግሊዝኛና በሂሳብ 4 ወይም ከዚያ በላይ ውጤት ይጠየቃል፤ ለአንደኛ ደረጃ ሳይንስም ይጨመራል። የአገር ቤቱን የትምህርት ማስረጃ መቀበል አለመቀበል የኮርሱ ባለቤቶች ውሳኔ ነው። አንዱ የኢኒክ ደብዳቤ ይበቃኛል ይላል፣ ሌላው የአቻነት ፈተና ውሰጂ ይልሻል። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት ለያንዳንዳቸው ኢሜይል ጻፊና መልሱን አስቀምጪው። እኔን ካማከርሽኝ ግን የእንግሊዝኛውን ጂሲኤስኢ እዚሁ ኮሌጅ በማታ ብትማሪው እመርጣለሁ። ውጤቱ ለሌላቸው አዋቂዎች ብዙ ጊዜ በነፃ ነው። ነገ ኢር ሲክስ ብትመደቢ የ11 ዓመት ልጆችን ሳትስ ለሚባለው አገር አቀፍ ፈተና ሰዋስው ማዘጋጀት አለብሽ። ፍሮንትድ አድቨርቢያል (ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ የሚመጣ ተውሳከ ግሣዊ ሐረግ) ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል፣ አንቺም ማወቅ ይኖርብሻል።

አንድ ነገር በጎን ልበል። አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ መምህር ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ይወጣል፣ ዲግሪ ያለው ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና ወስዶ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል ብለን ነው የኖርነው። ስለዚህ "ዲግሪ ይዘሽ ሕፃናት ልትጠብቂ ነው?" የሚል ዘመድ አይጠፋም። እዚህ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህር የደመወዝ እርከን አንድ ነው፤ ሁለቱም ዲግሪ አላቸው፣ ሁለቱም ኪውቲኤስ የሚባለውን የመምህርነት ማረጋገጫ ይይዛሉ። ከመስከረም 2025 ጀምሮ የጀማሪ መምህር ደመወዝ በዓመት 32,916 ፓውንድ ነው፣ በማዕከላዊ ለንደን ደግሞ 40,317። ይህን ለእናትሽም ንገሪያት።

አሁን ወዳልጠየቅሽው ልምጣ፤ ለእኔ ከሦስቱም ጥያቄሽ የሚበልጠው እሱ ነው። የዚህ አገር ክፍል ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ? እንደ ወላጅ በር ላይ ልጅ ማድረስ ማለቴ አይደለም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከሠላሳ ልጅ ጋር መዋል ማለቴ ነው። ካልሆነ ከማመልከትሽ በፊት በቲኤነት፣ ማለትም በመምህር ረዳትነት፣ አንድ የትምህርት ዓመት ሥሪ። ካልተቻለ በሳምንት አንድ ቀን በፈቃደኝነት ግቢ። የልጆችሽ ትምህርት ቤት ቢሮ ሄደሽ ብትጠይቂ ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል።

ለምን ይህን ያህል አጠበቅኩት? ፒጂሲኢ ስሙ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይምሰል እንጂ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 120 ቀን የምታሳልፊው ትምህርት ቤት ነው፣ ያውም ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች። የዩኒቨርሲቲው ድርሰት በማስተርስ ደረጃ ቢሆንም ሌሊት ተቀምጦ ይጻፋል፣ ዲግሪ የጨረሰ ሰው ያውቅበታል። ኮርሱን አቋርጠው ሲወጡ ያየኋቸው አብረውኝ የጀመሩ ሰዎች ድርሰት አላቃታቸውም። ከኋላ ተቀምጦ የሚመዘግብ ሰው ባለበት ማስተማር፣ በየሳምንቱ ሜንተር ከሚባለው አሠልጣኝ መምህር ጋር ተቀምጦ "ይህን አሻሽዪ" መባል፣ ያንኑ ትምህርት በማግስቱ ሌላ መልክ ሰጥቶ መመለስ ነው የከበዳቸው። ቲኤ ሆነሽ ከዋልሽ ይህ አዲስ አይሆንብሽም። አስተማሪዋ ድምጿን ሳታነሳ እጇን ከፍ አድርጋ ስትጠብቅ ክፍሉ እንዴት ቀስ በቀስ ጸጥ እንደሚል፣ ጥያቄ ጠይቃ ለመልሱ ስንት ሰከንድ እንደምትታገሥ፣ የሚያስቸግረውን ልጅ ሌሎች ፊት ሳታሳፍረው እንዴት እንደምትመልሰው ታያለሽ። እኛ አስተማሪ ሲገባ ብድግ ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ የሰባት ዓመት ልጅ "ለምን?" ብሎ ይከራከርሻል፣ ይህ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው።

ፎኒክስ የሚባለውን የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ ለይቼ ልንገርሽ፤ ለአበሻ ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት የፊደልን ስም በማወቅ ሳይሆን ድምፁን በማወቅ ነው። እኛ ፊደል ስንቆጥር እያንዳንዱ ተነባቢ አናባቢውን ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያልን። እዚህ ግን "ሳት" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለማስነበብ ስስስ፣ አ፣ ት ብለሽ ንጹሑን ድምፅ ብቻ ማውጣት አለብሽ። "ሰ፣ አ፣ ተ" ካልሻቸው ልጆቹ ሲያገናኙት "ሰአተ" ይሆንባቸዋል፣ ቃሉንም አያገኙትም። ም ስትይ ከንፈር ገጥሞ ድምፁን ማስረዘም እንጂ አፍ መክፈት የለም። ሜንተሮች ይህን በጣም ያዳምጣሉ፤ ምክንያቱም ኢር ዋን ላይ ሰኔ ሲደርስ እያንዳንዱ ልጅ 40 ቃል እንዲያነብ ይፈተናል። ግማሾቹ ትርጉም የሌላቸው የተፈጠሩ ቃላት ናቸው፤ ልጁ በቃሉ ሸምድዶ ሳይሆን ድምፅ ከድምፅ አጋጥሞ ማንበቡን ለማየት። ከአሁኑ ከልጆችሽ ጋር ቤት ውስጥ ተለማመጂው። የሚያስደስተው፣ ሳድሱን አሳጥሮ መጥራት ስለምናውቅበት ጆሯችን ቶሎ ይለምደዋል።

አነጋገሬ ያልሽው ከዚህ ጋር ይያያዛል። የመምህራን መመዘኛ የሚባለው የመንግሥት ሰነድ የሚጠይቀው ትክክለኛ መደበኛ እንግሊዝኛ መጠቀምን ነው። ስለ ቅላፄ የሚል ነገር የለውም። የኔ ክፍል ረዳት ግላስጎው የተወለደች ናት፣ ጎረቤት ክፍል ያለው አስተማሪ ከፖላንድ ነው። ልጆች ለአንድ ሳምንት ያህል ያስተውሉታል፣ ከዚያ ይረሱታል። ሊታረም የሚገባው ሰዋስውና የፊደል አጻጻፍ ነው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፍሽውን ሠላሳ ልጅ ይገለብጠዋልና። በዚያ ላይ ብዙ የለንደን ክፍሎች ውስጥ ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገርባቸው ልጆች ሞልተዋል። በእንግሊዝኛ መናገር ፈርቶ ዝም ያለ ሕፃን ምን እንደሚሰማው አንቺ ከውስጥ ታውቂዋለሽ፤ ማመልከቻሽ ላይ ይህን በግልጽ ጻፊው።

ስለ ቃለ መጠይቁ ደግሞ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፣ ሴፍጋርዲንግ፣ ማለትም ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። "አንድ ልጅ መጥቶ፣ ሚስ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም እንዳትናገሪ ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ?" ይሉሻል። እኛ የቤት ገመና አይወጣም እየተባልን ስላደግን፣ ልባችን ወዲያው "አልናገርም፣ አይዞህ፣ ንገረኝ" ወደማለት ያዘነብላል። እዚህ ይህን መልስ ከሰጠሽ ሌላው ሁሉ ቢያምር ዋጋ የለውም። ምስጢር እጠብቃለሁ ብለሽ ቃል አትገቢም፤ "አንተን ለመጠበቅ ለሚረዳኝ ሰው መንገር ሊኖርብኝ ይችላል" ትይዋለሽ። ታዳምጪዋለሽ፣ በጥያቄ አትመሪውም፣ የተናገረውን በራሱ ቃል ትጽፊዋለሽ፣ በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ የሴፍጋርዲንግ ኃላፊ ታደርሻለሽ። ለፈተና ብለሽ ብቻ አትሸምድጂው። በየክፍሉ ሰው የሚፈልግ ልጅ አለ፣ ይህ ሥርዓት የቆመው ለእሱ ነው፣ እኔ በሙሉ ልቤ የማምንበት ነገር ነው።

ወደ ገንዘቡ እንግባ። የኮርሱ ክፍያ በ2025/26 የትምህርት ዘመን እስከ 9,535 ፓውንድ ነው። ለፊዚክስ፣ ለሂሳብና ለመሳሰሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶች መንግሥት በርሰሪ፣ ማለትም የማይመለስ የሥልጠና ድጎማ፣ ይሰጣል፣ ለአንደኛ ደረጃ ግን ይህ የለም። ሆኖም ስቱደንት ፋይናንስ ከሚባለው የመንግሥት የተማሪዎች ብድር አገልግሎት የክፍያ ብድርና የኑሮ ብድር መውሰድ ትችያለሽ። ለቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ባለቤት ሦስት ዓመት እዚህ መኖር ይጠየቃል፤ የስደተኛነት ዕውቅና ያገኘ ሰው ግን ሦስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ልጆች ስላሉሽ ቻይልድኬር ግራንት የሚባለውን የልጅ ማዋያ ድጎማና የወላጆች የትምህርት አበልን አብረሽ አመልክቺ፤ እነዚህ አይመለሱም፣ መጠናቸው ግን በቤተሰቡ ገቢ ይወሰናል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት የኑሮ ድጎማ የምትወስጂ ከሆነ የኑሮ ብድሩ እንደ ገቢ እንደሚቆጠር ዕወቂና ከመፈረምሽ በፊት ሒሳቡን ሥሪው። በወለድ ምክንያት ብድር መውሰድ ለማትፈልጉ ሙስሊም እህትና ወንድሞች ደግሞ ሌላ በር አለ። ደመወዝ የሚከፈልበት ኮርስና የድኅረ ምረቃ የመምህርነት አፕረንቲስሺፕ አለ፤ በአፕረንቲስሺፑ ትምህርት ቤቱ ይቀጥርሻል፣ የኮርስ ክፍያም የለብሽም። ቦታው ጥቂት ነው፤ ትምህርት ቤቶችም የሚያውቁትን ሰው ነው የሚመርጡት። ቲኤ ሁኚ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

ማመልከቻው በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው፣ በየዓመቱ በጥቅምት ይከፈታል፣ በአንድ ጊዜ እስከ አራት ኮርስ መምረጥ ይቻላል። አንደኛ ደረጃ ቶሎ ስለሚሞላ ከገና በፊት ብታስገቢ ጥሩ ነው። የወንጀል ማጣሪያው ዲቢኤስ ይባላል። ለዐዋቂነት ከደረስሽ በኋላ ሌላ አገር ስለኖርሽ የአገር ቤት የፖሊስ ማስረጃም ሊጠይቁሽ ይችላሉ፤ አሻራና ውክልና ያለበት ነገር ጊዜ ይበላልና ቅበላ ባገኘሽ ሳምንት ጀምሪው።

ቤትሽን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። ከመስከረም እስከ ሰኔ ድረስ ማታና እሑድ የአንቺ አይደሉም። ልጆችን አስተኝቶ የነገውን ትምህርት ዕቅድ መጻፍ፣ ደብተር ማረም አለ። ከቅዳሴ መልስ ማኅበር ላይ መቀመጥ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ክርስትና ላይ ወጥ መሥራት ለአንድ ዓመት ይቀንሳል። ባለቤትሽንና የቅርብ ሰዎችሽን ከአሁኑ አስቀምጠሽ አነጋግሪያቸው፤ በየትኛው ቀን ማን ልጆቹን እንደሚያመጣ፣ ልጅ ሲታመም ማን ሥራ እንደሚቀር በስም ይታወቅ። ይህ ካልተቻለ ማፈር የለብሽም፣ በሁለት ዓመት የሚጠናቀቅ የትርፍ ጊዜ ኮርስም አለ።

የመጨረሻው፣ የዕድሜ ክልል መምረጥ ይኖርብሻል፤ ብዙዎቹ ኮርሶች ከ3 እስከ 7፣ ከ5 እስከ 11 ወይም ከ7 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች ናቸው። የባዮሎጂ ሰው ስለሆንሽ ከ5 እስከ 11 ያለውን እመርጥልሻለሁ። ኢር ሲክስ ላይ ዝግመተ ለውጥና ዘር መውረስ ይማራሉ፣ ኢር ቱ ላይ ደግሞ ባቄላ ዘርተው ሲያድግ ይመዘግባሉ፤ ሁለቱንም ማስተማር ትችያለሽ። ኪውቲኤስ ካገኘሽ በኋላ ኢሲቲ፣ ማለትም ጀማሪ መምህር፣ ሆነሽ ሁለት ዓመት ከሜንተር ጋር ትሠሪያለሽ፣ በመጀመሪያው ዓመት የማስተማር ሰዓትሽ ከሌሎች መምህራን አሥር በመቶ ያነሰ ነው። የኢኒኩ ደብዳቤ ሲደርስሽና የምታስቢያቸውን ኮርሶች ስትለዪ በውስጥ ላኪልኝ፣ የማመልከቻ ጽሑፍሽንም አነብልሻለሁ።