የስፒትፋየር ክንፍና አካል መጋጠሚያ ክፍተት (መልስ)

ጤና ይስጥልኝ። የ1/48 (ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ) ስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴልዎን ክንፍ ከተጣበቀው አካል ጋር ሲያጋጥሙ በሁለቱም ወገን ከላይ በኩል አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት እንደቀረ ገልጸው፣ በስቱኮ ይሞላ እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ ገና አይሙሉት፤ ስቱኮውን ለማስተካከል በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ በክንፉ ሥር ዙሪያ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች አብረው ይጠፋሉ።

በመጀመሪያ ያለ ማጣበቂያ አጋጥመው የክንፎቹን ጫፎች በቀስታ ወደ ላይ ያንሱ። የእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ወደ ጫፉ 6 ዲግሪ ያህል ከፍ እያለ የሚሄድ ስለሆነ፣ የሞዴሉ ክንፍ ከዚያ ዝቅ ካለ ክፍተቱ ከላይ ይከፈታል። ሲያነሱት የሚዘጋ ከሆነ፣ የወረቀት ፕላስተር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በአካሉ ላይ አሳልፈው በመጠኑ ወጥረው ያስሩት። ካልተዘጋ ግን አካሉ ጠብቧል ማለት ነውና፣ ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከመጣው ክፈፍ አጭር የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጠው፣ ከታች ባለው የክንፍ መቀመጫ በኩል ሁለቱን ግድግዳዎች እንዲገፋ በውስጥ ያቁሙት፤ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ከዚያ ቀጭኑን ፈሳሽ ማጣበቂያ በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን ብቻ ያስነኩት፤ በራሱ ይሰርጋል። ፕላስተሩም ሆነ ጣትዎ የመጋጠሚያውን መስመር እንዳይነካ ይጠንቀቁ፤ ማጣበቂያው ፕላስቲኩን የሚያሟሟ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ በጣቴ ሥር ሾልኮ አሻራዬን በክንፉ ላይ አትሞብኛል። 24 ሰዓት ሳይነኩት ያቆዩት፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከቀረ ስቱኮው ያኔ ይበቃዋል።