የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጂፕሰም ግድግዳ አናቱ ላይ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለን። አንደኛውን ፎቅ በጂፕሰም ቦርድ ከፋፍለን ለቢሮ ስናከራይ የላይኞቹ ፎቆች ገና አላለቁም ነበር። ከበላያችን የብሎኬት ግድግዳና ሴራሚክ ተሠርቶ ተከራይ ከገባ ወዲህ ግን ግድግዳዎቹ ሶሌታውን በሚነኩበት መስመር ተሰነጠቁ። ከበሮች ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የወጣ ስንጥቅም አለ፤ አንዱ በር አልዘጋ ብሏል። በስቱኮ ብናስደፍነውም ተመልሶ መጣ። ሕንፃው እየሰመጠ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ የብሎኬት ግድግዳዎቹን፣ ኮለኖቹንና የምድር ቤቱን ወለል ይመልከቱ። ደሴ ተዳፋት ላይ የተሠራች፣ የመሬት መንሸራተት የሚያሰጋት ከተማ ስለሆነች ስንጥቁ እነዚህም ላይ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ መሐንዲስ ይጥሩ። ስንጥቁ ጂፕሰሙ ላይ ብቻ ከሆነና የመጣውም ከላይ ጭነት ከተጨመረ በኋላ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሶሌታው ወርዶ ግድግዳዎ ላይ ተቀምጧል።

ሶሌታ ጭነት ሲያርፍበት መሃሉ ዝቅ ይላል። ኮንክሪት ደግሞ ጭነቱ ባለበት ቢቆይም ለዓመታት ቀስ እያለ መጉበጡን ይቀጥላል። አገራችን የምትከተለው የኮንክሪት ኮድ፣ ኢ.ኤስ. ኢ.ኤን. 1992፣ ግድግዳዎችን ሊጎዳ የሚችለውንና ከግንባታ በኋላ የሚመጣውን ጉብጠት በድጋፎች መካከል ካለው ርቀት 500ኛ እጅ ላይ ይገድበዋል። በ6 ሜትር ርቀት ይህ 12 ሚ.ሜ. ነው። ስለዚህ ምንም ጉድለት የሌለበት ሶሌታም 12 ሚ.ሜ. ሊወርድ ይችላል። ስታድ የሚባለው ቀጭን ቋሚ ላሜራ ሕንፃ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ከላይና ከታች ተጠርቆ ከቆመ ይጎብጣል፣ ቦርዱን ይገፋል፣ የበሩን ክፈፍ ያጣምማል። ስቱኮ ይህን አያቆመውም።

ግድግዳው እንደ አዲስ ሲሠራ አናቱ ከ15 እስከ 20 ሚ.ሜ. ነፃ ሆኖ መቅረት አለበት። ስታዱም ቦርዱም ከሶሌታው በዚያ ልክ አጥረው ይቆረጣሉ። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው የላይኛው ትራክ ላይ ነው፤ ይህ ሶሌታው ላይ የሚታሰረውና የስታዶቹ አናት በሁለት ክንፎቹ መካከል የሚገባበት ላሜራ ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራክ ክንፉ 30 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ስታዱን 20 ሚ.ሜ. ካሳጠሩት ትራኩ ውስጥ የሚቀረው 10 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሚሆን ገፋ ቢያደርጉት ሊወጣ ይችላል። ክንፉ 60 ሚ.ሜ.፣ ውፍረቱ ከ0.7 ሚ.ሜ. ያላነሰ ትራክ ላሜራ ቤት ያሳጥፉ።

ስታዱ ከላይኛው ትራክ ጋር በብሎን አይታሰርም። ይህን ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት፤ የለመደ እጅ ማሰሩ አይቀርም፣ አንድ ብሎን ብቻ ደግሞ ክፍተቱን ከንቱ ያደርገዋል። ቦርዱም ትራኩ ላይ አይመታም፤ የመጨረሻው ብሎን ከሶሌታው 80 ሚ.ሜ. ያህል ወርዶ፣ ከትራኩ ክንፍ በታች፣ ስታዱ ላይ ብቻ ይገባል። አናቱ ያልታሰረ ስታድ እንዳይዞር ከጫፉ በ30 ሴ.ሜ. ውስጥ አግዳሚ ላሜራ አስገብተው ስታዶቹን እርስ በርስ ያያይዟቸው። በበር ግራና ቀኝ የሚቆሙት ድርብ ስታዶችም ከዚህ ሕግ አይወጡም። ሠራተኛ «በሩ እንዲጠነክር» ብሎ ከላይ የሚያስራቸው እነሱን ነው፤ ሰያፉ ስንጥቅም ከበሩ ማዕዘን የሚነሳው በዚህ ነው።

ሶሌታዎ ባለ ሆሎው ብሎክ (ውስጡ ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት) ከሆነ ትራኩ ብሎኩ ላይ አይታሰር፤ ፊሸር ባዶው ውስጥ አይይዝም። በብሎኮቹ መካከል ያለውን የኮንክሪት ጅማት ፈልገው እዚያ ይብሱ፣ ብረት ከነካ ቀዳዳውን ያዛውሩ። ትራኩ ከጅማቶቹ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ በሁለት ጅማቶች መካከል ጠፍጣፋ ላሜራ አጋድመው ትራኩን እሱ ላይ ያያይዙት።

የእርስዎን የቆመ ግድግዳ ማፍረስ አያስፈልግም። ከሁለቱም ወገን የላይኛውን 30 ሴ.ሜ. ቦርድ ያንሱ። ስታዶቹን ከትራኩ ይፍቱና አናታቸውን በላሜራ መቀስ 20 ሚ.ሜ. ያሳጥሩ፤ አንዱን ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አሮጌው ትራክ ባለበት ይቆይ። በግራና በቀኝ በኩል ባለ 60 በ40 ሚ.ሜ. ማዕዘን ላሜራ ይጨምሩ፤ 40ው ወደ ውጭ ወጥቶ ሶሌታው ላይ ይታሰራል፣ 60ው ስታዶቹን ሳይታሰር ይደግፋል። ከዚያ አግዳሚው ላሜራ ይገባል፣ ቦርዱም 20 ሚ.ሜ. አጥሮ ይመለሳል። የሚታየውን ላሜራ የሚሸፍነው ጌጥ ሶሌታው ላይ ብቻ ይታሰር፤ ግድግዳውም ላይ ከተመታ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ማዕዘን ላሜራውን «ለጊዜው ይቅር» እንዳይሉ እናሳስባለን። ደሴና ኮምቦልቻ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላይ ናቸው፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግድግዳው ወደ ላይና ወደ ታች ነፃ ቢሆንም ወደ ጎን መያዝ አለበት። ያለ ክንፍ የተተወ አናት ሲናወጥ ሰው ላይ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን አለኝ። ውስጡ የጂፕሰም ቢሮ ልሠራ ነው። አናቱን ከጣሪያው ብረት ጋር ባስረው ይሻላል?

መልስ፦ ከጣሪያው ጋር አያያይዙት። የብረት ጣሪያ ከሶሌታ ይልቅ ይንቀሳቀሳል፤ በነፋስ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሰፊ ከሆነ መሃሉ በሴንቲሜትሮች የሚቆጠር ጉብጠት ይኖረዋል። ሙቀትም አለ፤ ብረት በአንድ ዲግሪ በአንድ ሜትር 0.012 ሚ.ሜ. ስለሚረዝም 20 ሜትር ብረት በ25 ዲግሪ ልዩነት 6 ሚ.ሜ. ይለጠጣል። ይህን ሁሉ የሚችል ትራክ አይገኝም። ቢሮውን በራሱ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ምሰሶና ማሰሪያ 3 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ የራሱን ኮርኒስ ሰጥተው፣ ከጣሪያው ለይተው ያቁሙት።

ጥያቄ፦ አናቱ ላይ ክፍተት ከተተወ ድምፅ አያሳልፍም? ፎም ብንነፋበትስ?

መልስ፦ ያሳልፋል። ፎም ግን አይንፉ፤ ሲደርቅ ስለሚጠነክር የሶሌታውን ጫና መልሶ ለግድግዳው ያስተላልፋል፣ እሳትም ይይዘዋል። ሲሊኮንም ብቻውን አይበቃም። አራተኛ እጁን ያህል ብቻ የሚጨመቅ ማሸጊያ 20 ሚ.ሜ. ክፍተት ውስጥ 5 ሚ.ሜ. ነው የሚችለው፤ ከዚያ ካለፈ ተጨምቆ ይወጣል።

ድምፅ የሚያሳስብዎ ከሆነ በትራኩ ስፋት የተቆረጡ የ12.5 ሚ.ሜ. ጂፕሰም ቁራጮች በሦስት ንብርብር ሶሌታው ሥር ይደርድሩ፤ ረጅም ክንፍ ያለው ትራክ ከእነሱ በታች፣ እነሱን አልፎ ሶሌታው ውስጥ በሚገባ ብሎን ይታሰራል። ስታዱ ከትራኩ፣ ቦርዱ ከሶሌታው 15 ሚ.ሜ. ያጥራሉ። ያኔ ቦርዱ በቁራጮቹ ላይ ከ20 ሚ.ሜ. በላይ ይደራረባል፤ ከክፍተቱ ኋላ ያለው ክፍት ቦታ ሳይሆን ጂፕሰም ይሆናል። ክፍተቱ ውስጥ የድንጋይ ሱፍ ጠቅጥቀው ላዩን ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ በስሱ ይዝጉት።